ሁለት ደቂቃ

ሦስት መብራት አለኝ፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፤
ዳኛ አይደለሁ እኔ፣ ወይ ፈቃጅ ወይ ከልካይ፣
ጸሐፊ ነኝ ብቻ፣ የወረዳው ተቀጣሪ፣
የሰው ቃል ሰፋሪ፣ ደቂቃ ቆጣሪ።

ከፍሬዝኖ ደቡብ፣ በልጆች ኳስ ሜዳ፣
ከመረቡ በታች ወንበር ተሰናዳ፤
አጀንዳው አንድ ነው፦ ኪሎ ሜትር ሦስት መቶ
በሰዓት የሚበር ባቡር፣ ይምጣ ወይስ ይቅር ከቶ?
ገንዘቡ ይጨመር? ወይስ ይብቃው?
በሩ ላይ ተለጥፏል፦ «ላንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ነው።»

ዴልፊና አዜቬዶ ቀረበች፣ የላሞቹ እመቤት፣
ቦት ጫማዋ ላይ ደርቋል የማለዳው እበት።
«ይለፍ ትላላችሁ፤ ይለፍ! ግን በየት በኩል?
ማለቢያዬን ከግጦሼ፣ እርሻዬን እኩል በእኩል
ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ላም ድልድይ አታውቅም፣
ጡቷ ሞልቶ ሲያማት ፕላን አትጠብቅም።
ካሳሽ ይመጣል ካላችሁ ይኸው አራት ዓመቱ፣
ከደብዳቤ በቀር—»
ቀዩን አበራሁት። ቃሉ ካፏ ሳይወጣ
«ቀጣይ» አሉ ሰብሳቢዋ፤ ጉርቴግ ዳሊዋል መጣ።

ጥምጣሙ ሰማያዊ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣
«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከባድ መኪና ነዳሁ» አለ።
«ጥር ላይ ጉም ሲወርድ መዳፍ እንኳ አይለይም፣
ወንድሜ ገባበት፤ እስከ ዛሬ አልታየም።
አርባ መኪና ነበር አንዱ ባንዱ ላይ የወጣ፤
ባቡሩ ተወደደ ስትሉኝ፣ ጉሙስ ስንት አወጣ?»
አጨበጨበ ግማሹ፤ ግማሹ ጫማውን አየ፣
ዴልፊና እጇን አላነሳችም፤ ዐይኗ ግን እሱ ላይ ቆየ።

መሐንዲሱ ስላይድ ይዞ በትሕትና ተናገረ፤
ያምናው ቢሊዮን ዘንድሮ መንታ ወልዶ ነበረ።
«የዋጋ ንረት ነው፣ ክስ ነው፣ ያፈሩ ጠባይ ነው» አለ፤
ጻፍኩት ቃል በቃል፤ ብዕሬ መቼ አብሰለሰለ።

አንዱ ከኋላ ጮኸ፦ «ደቂቃ ልታተርፉ ደቂቅን በዕዳ ሸጣችሁ!»
አንዷ መለሰችለት፦ «ደቂቁስ በምን ይሂድ፣ በጭሳችሁ አፍናችሁ?»
መዶሻ ተመታ።

ፓ ንያ ቫንግ ተነሣች፤ ወረቀት አልያዘችም፣
ማይኩ ረዘመባት፤ ዝቅ አላደረገችውም።
«በሳምንት አንድ ቀን እናቴን ሐኪም ጋ እወስዳለሁ፣
እሷ የአልሞንድ ዛፍ ትቆጥራለች፤ እኔ ዕድሜዋን እቆጥራለሁ።
አውቶቡሱ ስንት ከተማ ይቆማል መሰላችሁ?
ለእሷ እንደማይደርስ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሥሩት፣ ግድ የለም፣
እናት ያለኝ ሰው እኔ ብቻ አይደለሁም በዓለም።»
አረንጓዴው ገና በርቶ ነበር። ተቀመጠች።

ከዚያ ሽማግሌው ኪምዚ ኮፍያውን አወለቀ፣
ጉሮሮውን ጠረገ። ዝም አለ። ዝምታው ዘለቀ።
የመጠጡ ማሽን ብቻ ጥግ ላይ ያንጎራጉራል።
ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ከማሳው መሃል አምስት ዓምድ ቆሟል፣
ሐዲድ ያላረፈበት፣
ጉጉት ጎጆ የሠራበት፣
የሰፈር ጎረምሳ በቀለም የፍቅረኛውን ስም የጻፈበት።
ቢጫ። ቀይ።
«አመሰግናለሁ» ብሎ ወረደ።

ይህን እንዴት ይጽፉታል? ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ ደለዝኩ፤
ቃለ ጉባኤ ዝምታን የሚያኖርበት ቦታ አጣሁ።
በስተመጨረሻ፦ «ተናጋሪው ጊዜያቸውን ተጠቅመዋል»
ብዬ ዘጋሁት። አሁንም ይቆጨኛል።

ድምፅ አልተሰጠም፤ ለመጪው ወር ተላለፈ።
ወንበር አጣጠፍኩ፤ መብራቴን በሻንጣ፤ ሌሊቱ ገፈፈ
ሙቀቱን ካስፋልቱ ላይ። ከከተማው መውጫ ቆምን፣
ደጋፊ፣ ተቃዋሚ፣ መሐንዲስ፣ ባንድ ረድፍ ተሰልፈን፤
አሮጌው የጭነት ባቡር ይጎተታል ፉርጎ በፉርጎ፣
ጉርቴግ ከኋላዬ ሞተር አጥፍቶ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣
ዴልፊና ከፊቴ፣ ክንዷ በበሩ ላይ።
እህል አለፈ፣ ዘይት አለፈ፣ ባዶ አለፈ፤ መጨረሻው አይታይ።

ኪሴ ውስጥ ሰዓቴ ይሄዳል፤ ለካ አላጠፋሁትም።
ማቋረጫው ላይ ቀዩ ብልጭ ድርግም፤ ይህ ቀይ የኔ አይደለም።
አሥራ አንድ ደቂቃ።
ማንም «ልጨርስ» አላለም።